አጥናፉ ያልቀለደበት እሑድ

አዲሱ ገበያ ከታክሲ ተራው ዝቅ ብሎ፣ ያረጁ ጎማዎች ተደራርበው እንደ ጥቁር ግንብ የቆሙበት ጎሚስታ ቤት አለ። ባለቤቱ አጥናፉ ይባላል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ደጃፍ ላይ ነው፤ የሰፈሩ ሳቅም የሚነሣው ከዚያው ነው።

«ጋሽ አጥናፉ፣ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ» ይለዋል አንዱ ሹፌር ከሚኒባሱ እየወረደ።

«ተመስገን በላ! በዚህ ኑሮ መተንፈስ የቻለ ማን አለ?»

ሹፌሩ ንዴቱን ረስቶ ይስቃል። ተራ የሚጠብቁትም ይስቃሉ። ረዳቱ ቀልዱን ይዞ ይሄድና ለተሳፋሪ የራሱ አስመስሎ ያወራዋል፤ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ይደርሳል።

በእኛ ሰፈር ቀልድ ብዙ ሥራ አለው። የተኳረፉ ጎረቤቶች መጀመሪያ የሚነካኩት በቀልድ ነው። ልቅሶ ቤት፣ ሐዘንተኛዋ አንዲት ጉርሻ እንድትውጥ የሚያደርጋት ቀልድ ነው። እውነቱን ፊት ለፊት መናገር ያልደፈረ ሰው በቀልድ ጠቅልሎ ይወረውረዋል፤ የተወረወረበት ሰው ሲቆጣ «ቀልዴን እኮ ነው» ብሎ ያነሣዋል። ሥራውን ያበላሸ ሠራተኛ «ትቀልዳለህ እንዴ?» ይባላል። የተናቀ ሰው ደግሞ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ «ቀለዱብኝ» ይላል። አንድ ትንሽ ቃል ሐዘንን፣ እርቅንና ንቀትን አንድ ላይ ተሸክማ መኖሯ ሁሌም ይገርመኛል።

አጥናፉ ግን የሚያውቀው አንዱን ዓይነት ብቻ ነበር፤ ሰውን ወደ ራሱ የሚጠራበትን። የትራፊክ ፖሊሱን «ጌታዬ፣ ፊሽካዎ አየር ያስወጣል፣ ልድፈንልዎት?» ይለዋል። የንስሐ አባቱን ሳይቀር ይተርባል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚቀመጠውን ለማኝ «እኔ ዛሬ አልቀናኝም፣ አንተ ጋ ምን አለ?» ብሎ አጠገቡ ቁጭ ይላል። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰው አጥናፉ እስኪተርበው ድረስ እንግዳ ነው። ከተተረበ በኋላ ማንም «ይኼ ማነው?» ብሎ አይጠይቅም።

ሚስቱ ወለተማርያም አንዳንዴ ይበቃታል። «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ትለዋለች።

«ታዲያ ቤታችን እንዴት እስካሁን ቆመ?»

«እኔ ስለማልቀልድ ነዋ!»

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሩታ። ሽሮሜዳ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ዮፍታሔ የሚባል የሒሳብ መምህር የአባቱን የዓይን ጠብታ ሊገዛ እየተመላለሰ ነው የተዋወቁት። ጠብታው አልቆም ሳያልቅም መምጣት ሲያበዛ ነገሩ ገባት። አባቱ አቶ ኦይቻ ሸማኔ ናቸው። ከጋሞ ደጋ በልጅነታቸው መጥተው፣ ሽሮሜዳ ዳገቱ ላይ ባለች ቤታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥለት ሲጥሉ ዓይናቸው የደከመ ሰው።

ዮፍታሔ ለመጀመሪያ ጊዜ እነሩታ ቤት የመጣው ለፋሲካ ነበር። አጥናፉ የአባቱን ሥራ ጠየቀው። ልጁ ሳያፍር ነገረው። ሸማኔ ሲሠራ እግሩን ከመሸመኛው ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መሆኑን ማንም ያውቃል።

«እዩት እንግዲህ የሰው ጉብዝና!» አለ አጥናፉ። «እኔ ገና አንድ እግሬ ጉድጓድ ቢገባ ወገቤ፣ ጉልበቴ እያልኩ አለቅሳለሁ። አባትህ ሁለቱንም ከተው ጥበብ ይሠራሉ!»

ዮፍታሔ የያዘውን ብርጭቆ እስኪያስቀምጥ ድረስ ሳቀ። ሩታ አልሳቀችም። የያዘችው ሳህን እጇ ላይ ቀረ።

ክረምቱ አልፎ፣ መስቀልም አልፎ፣ ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆረጠ። በዋዜማው ቅዳሜ አጥናፉ ግቢው ውስጥ እጁን በኦሞ ሲፈትግ ሩታ አጠገቡ ኩርሲ ስባ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ነገ ይመጣሉ።»

«አውቃለሁ። እናትሽ ከሐሙስ ጀምራ ወለሉን እያጠበች ነው። ሲሚንቶው ሊያልቅ ነው።»

«ይኸውልህ፣ እሱን ነው የምልህ።»

«ሲሚንቶውን?»

«ቀልዱን!» ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። «ነገ አትቀልድ። በእመቤቴ፣ አንድ ቀን ብቻ።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም። ስለ ሽመና፣ ስለ ጉድጓድ፣ ስለ ምናምን... በቃ፣ ምንም። የዮፍታሔ አባት ምን እንዳሳለፉ አታውቅም። ልጅ ሆነው ሰው ቤት ውሃ ሲለምኑ እፍኛቸው ላይ ነበር የሚያፈሱላቸው፤ ዋንጫውን እንዳይነኩት። ያን ጊዜ ሰዉ አይቆጣቸውም ነበር፣ አባዬ። እየሳቀ ነው። እየቀለደ ነው እንደዚያ የሚያደርጋቸው።»

አጥናፉ እጁን መፈተጉን ተወ። «እኔ እንደነሱ ነኝ?»

«አይደለህም። ግን እሳቸው በምን ያውቃሉ?»

አረፋው በክንዱ እየወረደ ልጁን አያት። ከዚያ «እሺ፣ ማርያምን አልቀልድም» ብሎ ማለላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ መጡ፤ አንድ ቄስ፣ የአቶ ኦይቻ ታላቅ ወንድም እና ሳቢት። ሳቢት ሽሮሜዳ ክር የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ለኦይቻ ክር ያቀርባል፤ የፒክአፑን ጎማ ደግሞ ከአጥናፉ ሌላ ሰው አያስነካም። ዳገቱን ሲወርዱ «አጥናፉን አታውቁትማ! ገና ከበሩ ነው በሳቅ የሚያፈነዳችሁ» እያለ ሁለቱን ሲያዘጋጃቸው ነበር።

አጥናፉ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባቱ አንገቱን ይዞት፣ መሐል ቆሞ ጠበቃቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ቄሱ ሊጀምሩ ሲሉ የኦይቻ ወንድም ቀደም አሉ።

«በመጀመሪያ ይቅርታ፣ ትንሽ አረፈድን» አሉ። ዓይናቸው ፈገግ ብሏል። «እግራችንን ከጉድጓድ እስክናወጣ ነው።»

ይኸ ቀልድ የአጥናፉ የራሱ ነበር። በፋሲካ ከዚህ ቤት ወጥቶ፣ ሽሮሜዳ ዳገት ወጥቶ፣ ከርሞ፣ ታጥቦ ተተኩሶ ተመለሰለት። የኦይቻ ወንድም ተናግረው እንደ ጨረሱ አንገታቸውን ወደ እሱ ዘንበል አድርገው ጠበቁ። ሳቢትም ጠበቀ፤ ሊስቅ አፉን ከፍቶ።

መልሱ አጥናፉ ምላስ ላይ ነበር። «እናንተስ ወጣችሁ፣ እኔን ልትከቱኝ ነው እንጂ!» ሊል ነው፤ ይህችን ብቻ። ዓይኑ ግን ወደ ጓዳው መጋረጃ ሄደ። የሩታ ጣቶች የመጋረጃውን ጫፍ ጨምድደው ይዘዋል።

«ደህና መጣችሁ» አለ።

ሳቢት የከፈተውን አፉን ቀስ ብሎ ገጠመው። የኦይቻ ወንድም ወለሉን አዩ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዮፍታሔ ሩታን ለትዳር እንደሚፈልጋት፣ ልጅ ለልጅ እንዛመድ ብለው እንደመጡ ተናገሩ። አጥናፉ ቀጥ ብሎ ሰማ። ሲጨርሱ፣ ሌሊቱን ያጠናውን ተናገረ።

«ሰምቻለሁ። ከቤተሰብ ጋር ተመካክረን መልሱን እናሳውቃለን።»

ይህን ሌላ አባት ቢለው የጨዋ መልስ ነው። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ከአጥናፉ አፍ ሲወጣ ግን ቤቱ ውስጥ የነበረው አየር እንኳ ቀዘቀዘ። ተቀመጡ ተባሉ፤ ለአንድ አፍታ ተቀመጡ። ወለተማርያም ያቀረበችው ጠላ ሳይነካ ቀረ። ሳቢት የለስላሳውን ጠርሙስ በእጁ አዟዙሮ መልሶ አስቀመጠው። ሲወጡ የኦይቻ ወንድም ባርኔጣቸውን በሁለት እጅ ይዘው፣ ቀበሌ ቢሮ እንደገባ ባለጉዳይ እጅ ነሥተው ወጡ።

ሩታ ከጓዳ እየሮጠች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ተባረክልኝ አባዬ! እንደዚህ ጨዋ ሆነህ አይቼህ አላውቅም!»

አጥናፉ ክራባቱን እየፈታ በሩን አየ።

ከዚያ በኋላ ከሽሮሜዳ ድምፅ ጠፋ። እነአጥናፉ እሺታቸውን ለመንገር ሰው ቢልኩ «ገና ነው» ተባለ። ቀጥሎ ያለው እሑድ አለፈ፤ ሌላውም። ዮፍታሔ መጀመሪያ መደወል አበዛ፤ ከዚያ ስልክ ማንሣትም ቀነሰ። በመጨረሻ ፋርማሲው በር ላይ ቆሞ ነገራት። «አባቴ ተወው አለኝ። ምክንያቱን አይናገርም። 'አይሆኑንም' ብቻ ነው የሚለው። እኔ ያለ እሱ ቃል...» አልጨረሰውም። ሩታ ቤት ገብታ ተኛች፤ እንጀራ ሲቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አጥናፉ ሥራ ገባ፤ ግን ሹፌሮች «ምን ሆነ?» ማለት ጀመሩ። የጎማውን ከመነዳሪ ውሃው ውስጥ ነክሮ አረፋው ከየት እንደሚወጣ እያየ ይቆያል፤ ቀዳዳውን አግኝቶም ያያል። የጠየቁት ሁሉ መልሱ ውስጥ ቀልድ ፈልገው ያጡና ትከሻውን መታ አድርገው ይሄዳሉ።

በዚህ መሐል ሳቢት መጣ። ፒክአፑን ሳይሆን እግሩን ይዞ ነበር የመጣው።

«ምን አድርገንህ ነው?» አለው፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

«ምን አደረግኩ?»

«ምንም! ምንም አላደረግክም፣ እሱ አይደል ነገሩ! ያ ሰውዬ፣ ኦይቻ፣ የፋሲካዋን ቀልድህን ልጁ ሲነግረው ዕለቱን ሙሉ ሲስቅ ዋለ። ኦይቻ! በክር ስንከራከር እንኳ ፈገግ ብሎ አይቼው አላውቅም። 'ይኼ ሰው አልፈራኝም' አለኝ። 'እንደ ሰው ነካኝ' አለኝ። ያችን የጉድጓድ ነገር ለወንድሙ አሲዞ የላካት እሱ ነው። ሰላምታ ነበረች፣ አንተ! በቄሱም በእኔም ፊት ተዋረዱ። አንተ ከለማኝ ጋር ትቀልዳለህ። ከፖሊስ ጋር ትቀልዳለህ። ኦይቻ ምን አለ መሰለህ? 'ለሰው ሁሉ የሚሰጠውን ለእኛ ነፈገን።'»

አጥናፉ የያዘውን የጎማ መፍቻ ብረት መሬት አስቀመጠና ጎማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ የሩታን ነገር፣ የማለላትን መሐላ፣ የመጋረጃውን ጫፍ ነገረው።

ሳቢት ጭንቅላቱን ያዘ። «ሱብሃናላህ! ታዲያ ምን ይጨንቅሃል? ተነሥ እንሂድ፣ ይህንኑ ንገራቸዋ!»

«ምን ብዬ? ልጄ 'የሸማኔ ነገር እንዳታነሣ፣ ሰዎቹ ቁስለኛ ናቸው' አለችኝ ብዬ? ልጃቸው በምሥጢር የነገራትን የውሃውን ነገር ተሸክማ ለእኔ አመጣችው ብዬ?» አጥናፉ እጁን በጨርቅ ጠራረገ፤ ጨርቁ ከእጁ ይበልጥ የቆሸሸ ነበር። «እዚያ ቤት ምራት ሆና ልትገባ እኮ ነው፣ ሳቢት። ሲያዩዋት በዚህ ነው የሚያስታውሷት። ዮፍታሔስ ምን ይላታል?»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሽሮሜዳ ዳገት ወጡ። የሴት ልጅ አባት ራሱ በእግሩ ወንዱ ቤት መሄዱ በደንባችን የለም። የኦይቻ ደጅ ላይ ሲደርሱ አጥናፉ ከመንገዱ ዳር መካከለኛ ድንጋይ አንሥቶ፣ እንደ ጥንቱ ይቅርታ ጠያቂ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ሳቢት ሊከለክለው እጁን ዘርግቶ ተወው።

ከቤቱ ጎን በተዘረጋው ጣራ ሥር ሸማኔዎች በረድፍ ተቀምጠዋል። መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ይመላለሳል። መጀመሪያ ያየው አንድ ወጣት ነበር።

«እንዴ! የአዲሱ ገበያው ጋሽ አጥናፉ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ጎማ የለም!»

«ጎማ ጠፍቶበት ድንጋይ ተሸከመ!» አለ ሌላው። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። አንዱ ስልኩን አወጣ።

«ልጆቼ፣ የምሬን ነው» አለ አጥናፉ ከጎነበሰበት። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ይበልጥ ሳቁ። እንዲህ ያለ ነገር አለ? በዕድሜው ሙሉ ሰው ማሳቅ ተምሮ፣ ሳቅን ማስቆም ግን አላወቀበትም። ድንጋዩ ማጅራቱን እየበላው፣ ዓይኑ መሬት መሬት እያየ፣ «እባካችሁ» ቢል ሳቁ ባሰ፤ «እግዜር ያሳያችሁ» ቢል ሳቁ ባሰ።

ከዳር ያለው መወርወሪያ ቆመ። ከዚያ ሳቁም አንድ በአንድ ቆመ። አቶ ኦይቻ ከጉድጓዳቸው ወጥተው፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ቀስ ብለው መጡና ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አነሡለት።

«ይግቡ፣ አቶ አጥናፉ።»

ቤቱ ውስጥ ወንበር አቀረቡለት፤ ራሳቸው ደረቅ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ሳቢት በሩ ጋ ቆመ።

«ልጠይቅዎት» አሉ ኦይቻ። ዓይናቸው ስለሚያለቅስ በመሐረብ ያብሱታል። «እርስዎ ከሰው ሁሉ ይጫወታሉ። ወንድሜ እጁን ዘረጋልዎት። ለምን ዝም አሉ?»

አጥናፉ በመንገድ ላይ ያሰበው ብዙ ሰበብ ነበረው። ራስ ምታት ይዞኝ ነበር የሚል፤ ክራባቱ አነቀኝ የሚል። እኒህ ሰው ግን በዕድሜያቸው ሰበብ ሲሰጣቸው ኖረዋል፤ ከሽታው ያውቁታል። ፊታቸውን አየና፣ የሚያምኑት አንድ መልስ ብቻ መሆኑ ገባው።

«ናቅኋችሁ» አለ።

«አጥናፉ!» አለ ሳቢት።

«ዝም በል፣ ሳቢት። ናቅኋችሁ። ልጄ ሸማኔ ቤት ልትገባ ነው ብዬ ከበደኝ። ለጨዋታ ሲሆን እቀልዳለሁ፤ ለዝምድና ሲሆን ተኮፈስኩ። ኋላ ግን ራሴን ሳየው አፈርኩ። እውነቱ ይኸው ነው።»

ውጭ አንድ መወርወሪያ ብቻ መመላለስ ጀምሮ እንደገና ቆመ።

«ብዙ ሰው ንቆኛል» አሉ ኦይቻ። «ቤቴ ድረስ መጥቶ የነገረኝ ግን የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት።» መሐረባቸውን አጠፉት። «ልጅዎስ? እሷስ?»

«እሷማ በእናንተ ምክንያት እኔን አኩርፋ እህል ትታለች። የእኔን ኃጢአት በእሷ አይቁጠሩባት።»

«እንግዲያው ልጆቹ ይጋቡ። እኔ ለዚህ እንቅፋት አልሆንም። እኔና እርስዎ ግን፣ አቶ አጥናፉ፣ መከባበሩ ይበቃናል።»

ቁልቁል ሲወርዱ ሳቢት በንዴት እንባው መጥቶ ነበር። «አብደሃል? ያላደረግከውን! ሰውየው እኮ ይወድህ ነበር!»

«ሳቢት፣ እኔ ጎሚስታ ነኝ» አለ አጥናፉ ማጅራቱን እያሸ። «ቀዳዳውን ካላሳየሁት፣ ጠግኜዋለሁ ብል ማን ያምነኛል?»

ቀልድ ነበረች፤ ጥሩ ቀልድም ነበረች። ሳቢት አልሳቀም።

ዮፍታሔ የዚያኑ ዕለት ለሩታ ደወለ። ከአልጋዋ ተነሥታ፣ ፊቷን ሳትታጠብ፣ አባቷ እግር ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ምን ብለሃቸው ነው?»

«ቀለድኩላቸዋ።»

«አትቀልድ ብዬህ!» አለች፤ እየሳቀች፣ እያለቀሰችም። «የሽመናውን ነገር አላነሣህም አይደል?»

«ኧረ አላነሣሁም።»

ወለተማርያም ከምድጃው ዞር ብላ አየችው። ባሏ ቀልዶ ሲመጣ ፊቱ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ወደ ምድጃው ተመልሳ ወጡን ማማሰሏን ቀጠለች።

የቀለበቱ ዕለት ሁለቱ አባቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኦይቻ ለሩታ ራሳቸው የሠሩትን ሙሉ ቀሚስ ይዘው መጥተዋል፤ ጥለቱ ላይ ሰማያዊና ቢጫው እንደ መስከረም ሜዳ ነው፤ ያ የደከመ ዓይን ይህን ሁሉ ቀለም ከየት እንዳመጣው ለማመን ያስቸግራል። ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ሲጨርስ «ጋሽ አጥናፉ! ጋሽ አጥናፉ!» እያለ ያጨበጭብ ጀመር። አጥናፉ ወደ ጎኑ አየ።

«ይጫወቱ እንጂ» አሉ ኦይቻ በትሕትና። «ሰው እየጠበቀዎት ነው።»

ተነሥቶ ስለ ራሱ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ አዲሱ ገበያ ሹፌሮች ቀለደ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ የዮፍታሔ አጎት ሳይቀሩ ሳቁ። ስለ ሙሽራው ቤት አንዲት ቃል አላነሣም። ኦይቻ ሌላው ሲያጨበጭብ አጨበጨቡ። ሲቀመጥ የጎደለ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሞሉለት፤ ከመቀመጫቸው ትንሽ ብድግ ብለው፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው።

ሩታ አዲሱን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከኋላው መጣችና ጆሮው ሥር ጎንበስ አለች። ደስታዋ ትንፋሿ ውስጥ ይሰማል።

«አየህ አባዬ፣ እንዴት እንደሚያከብሩህ?»

«አዎ» አለ አጥናፉ ብርጭቆውን እያየ። «በጣም ነው የሚያከብሩኝ።»